ከሰማይ የተነሳ የመሬት ፎቶ ለምን ከእጅ አይወርድም?

መነሻ ጥያቄ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ደንበኛ ተራ የሚጠብቅበት አግዳሚ ፊት ለፊት አንዲት አጭር ጠረጴዛ አለች። ከዓመት በፊት እሷ ላይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አስቀመጥኩ። ውጭ የምትኖረው እህቴ ናት ያመጣችልኝ። አንድ እጅ አይችለውም፣ ጭን ላይ ተዘርግቶ ነው የሚታየው። ውስጡ ከአውሮፕላን፣ ከሄሊኮፕተርና ከፊኛ ላይ የተነሱ የዓለም መልክዓ ምድሮች ናቸው። በረሃ አለ፣ ደሴት አለ፣ የጨው ሜዳ አለ፣ ማሳ አለ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ እኔም አላነበውም። ግን የገባ ሰው ሁሉ ሳያገላብጠው አይወጣም። ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው ተራው ደርሶ ስጠራው እንኳ አይሰማኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከዴዶ የመጡ አንድ አባት እስያ ውስጥ በእርከን የተሠራ የሩዝ ማሳ የሚያሳይ ገጽ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን እርከኑ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ክር የምታህል መስመር አገኙና ይቺ ውኃ የሚቀዳባት መንገድ ናት አሉኝ። እውነትም ቁልቁል ወርዳ ወንዙ ጋ ትቆማለች። ዓመት ሙሉ ያንን ገጽ ሳይ ያቺን መንገድ አላየኋትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የሚስበን ለምንድነው? እኔ ከፍታው ነው ባይ ነኝ። ከታች ሆነን የምናየው የፊት ለፊታችንን ብቻ ነው። ከላይ ግን ወንዙ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ ማሳ ከማሳ የት ላይ እንደሚዋሰን በአንድ ጊዜ ይታያል። የመጀመሪያው የአየር ላይ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1860 ቦስተን ላይ ከፊኛ ከተነሳ ወዲህ ሰው አልጠገበውም። እናንተስ?

የመጡት መልሶች

ሠላሳ ሦስት መልስ መጣ። ሁሉን ማንበብ ላልቻለ ሰው የተባለውን በቁጥሩ እነግራችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አባባል ነው።

1 እና 2። የመጀመሪያው የአጋሮ ልጅ ነው። አመሰገነና በከፍታው ተስማማ። ልጅ ሆኖ ጅማ ዘመድ ጋ ሲመጣ ጂረን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት ከሁሉ በላይ ደስ ይለው እንደነበር ጻፈ። ሁለተኛው እሱን ደገፈ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው እዚያ ላይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ከላይ ያለ የሚመጣውን ቀድሞ ያያል የሚል ነው ሐሳቡ።

3። እዚህ ላይ ታረምኩ። የመጀመሪያው ፎቶ የቦስተኑ አይደለም። ፈረንሳዊው ናዳር እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ አጠገብ ከፊኛ ላይ አንስቷል፣ ግን ያ ፎቶ ዛሬ የለም። ጄምስ ዋላስ ብላክ በ1860 ቦስተን ላይ ያነሳው ከጠፉት የተረፈው፣ እጃችን ላይ ካሉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ይሄው ሰው ሌላም ነገር ጨመረልኝ። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር፣ መስታወቱም እርጥብ እንዳለ ተነስቶ እርጥብ እንዳለ መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ናዳር ጨለማ ክፍሉን ፊኛው ቅርጫት ውስጥ ይዞ ነው የወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም እየጠቆረ አስቸገረው። በኋላ ሲደርስበት ከፊኛው የሚወጣው ጋዝ ነው ኬሚካሉን የሚያበላሽበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝና ይሄን ሳነብ እጄ ላይ የዚያ ኬሚካል ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ። መሬት ላይ ቆሜ፣ በር ዘግቼ እንኳ ስንቱን ወረቀት አቃጥያለሁ። እሱ እየተወዛወዘ ነው።

4። ቆጣ ያለ ወንድም ገባ። ለዚህ ሁሉ ወረቀት ምን አስፈለገ፣ ስልክ ላይ ጉግል ኧርዝ በነጻ አለ፣ የራስን ጓሮ ሳይቀር ያሳያል፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሀብታም ሳሎን ጌጥ ነው ነው የሚለው።

5። ቀያሽ መሆኑን የነገረን ሰው መለሰለት፣ በጨዋ ደንብ። የሳተላይት ምስል በአብዛኛው ከአናት ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚነሳው። ተራራውም ሜዳውም እኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ለካርታ ጥሩ ነው። የመጽሐፉ ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ዘመም ተብሎ የተነሳ ነው፣ ሰዓቱም ተመርጦ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጉብታው ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ የድሮ ትልም ሳይቀር ከመሬቱ ብቅ ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ ያው መሬት ምንም የለውም። እኔም በሙያዬ እመሰክራለሁ። ፊት ላይ መብራት በቀጥታ ከፊት ከለቀቃችሁበት አፍንጫ የለው፣ ጉንጭ የለው። ትንሽ ከጎን ስታደርጉት ነው ሰውየው ሰውየውን የሚመስለው።

6። አራተኛው ተመለሰ። ስለ ብርሃኑ ተቀበለ፣ በዋጋው ግን አልላላም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲመጣ የአስተማሪ ደመወዝ ይበላል አለ። እውነቱን ነው። እኔም ለራሴ ገዝቼው አላውቅም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግን ለማንም ክፍት ነው፣ ፎቶ ባትነሱም ግቡ።

7። የሰርቦ ልጅ ነው፣ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በአውሮፕላን መጥቷል። በኪው 400 ነው የመጣው፣ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ቁልቁል የሚከልል ነገር የለም። የግቤን ሸለቆ ሲያይ በመኪና ሲወርዱት የሚያዞረው ያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ የተጣለ ገመድ መስሎ ታየው። ጅማ ላይ ሲያርፉ የያዘው ግን ቆርቆሮው ነው። የዛገው ቡናማ ጣሪያ ያለበት ድሮ የተሠራው ሰፈር ነው፣ የሚያብረቀርቀውና ሰማያዊ የተቀባው አዲሱ። የከተማውን ዕድሜ ከጣሪያው አነበብኩት ይላል። ይሄን ወደድኩት። በመጨረሻ ግን ከከተማው ውጭ ያየው አረንጓዴ ሁሉ ቡና መሆኑን በኩራት ጻፈ።

8። አንዲት የግብርና ተማሪ አረመችው። ከመልሶቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሷን ነው። የእኛ አካባቢ ቡና ከላይ አይታይም አለች። የሚታየው ጥላው ነው፣ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው። ቡናው ከሥሩ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። በሳተላይት ለሚያጠኑ ሰዎች ሳይቀር የጥላ ቡናን ከዱሩ ደን መለየት ከባድ ሥራ ነው፣ ሁለቱም ከላይ የዛፍ አናት ናቸው። ከአየር ላይ ወዲያው የሚለየው ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ ግራጫ ይላል፣ ጠርዙም በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። እንሰቱ ቤት ዙሪያ ይከበባል፣ ቅጠሉ ሰፊና ፈካ ያለ ነው። ጫቱ በመስመር ነው። ቡናው ራሱን የሚያሳየው በዓመት አንዴ፣ ተለቅሞ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ነው። መጀመሪያ እሸቱ ቀይ ምንጣፍ ይሆናል፣ ከቀናት በኋላ እየጠቆረ ሄዶ ጀንፈል ሲሆን ምንጣፉ ቡናማ ይሆናል። ከላይ የምታዩት ይሄንን ነው ብላ ጨረሰች።

አባቴ ሰቃ ትንሽ የቡና ማሳ አለው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩት። አገኘሁት፣ ግን የዋንዛ አናት ብቻ ነው። አንድም የቡና እግር የለም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ስንት ዘመን የኮተኮተው መሬት ከላይ ሲታይ ሰው ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።

የሰርቦው ልጅ መታረሙን በደስታ ተቀበለ፣ ያ መልስ 9 ነው።

10። እዚህ ላይ የውይይቱ አየር ተለወጠ። አንድ ሽማግሌ አባት ናቸው የጻፉት፣ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። እርሳቸው ከላይ የተነሳ ፎቶ ሲያዩ ደስ አይላቸውም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲረጭ አባታቸው ዘምተው ነበር። እቤት የሰሙት ታሪክ ሁሉ ከላይ የሚመጣ ነገር ክፉ መሆኑን ነው። ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ሰው፣ ከታች ያለውን እንደ ሰው አያየውም ነው የሚሉት። መሬቱን ከላይ ያነሱት መጀመሪያ ሊወሩት ነው አሉ።

11። አንዱ ቸኩሎ ስለ ፎቶ እያወራን ጦርነት ምን አመጣው፣ ሁሉን ነገር ወደ ልቅሶ አትውሰዱት አላቸው። በዚህ ቃል ማለት ይቻላል።

12። ሌላ ሰው ደግሞ አስራ አንደኛውን በኃይል ገሠጸው። በአባትህ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ጨዋታው ስላልጣመህ ብቻ የሰው ቤት ታሪክ አይጣልም አለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ 13 እና 14 የእነሱ ናቸው፣ አላነሳቸውም። አስራ አንደኛው ኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ ይሄ መነገር አለበት።

15። ቀያሹ ተመልሶ መጣና ነገሩን አሰፋው። ጋሼ ልክ ናቸው አለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 አገራችንን ከአየር አንስቷል፣ ለጦርነትና ለቅኝ ግዛት ካርታ ሲል። ያ ፎቶ ግን አልጠፋም። አዲስ አበባ፣ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፣ ከ8 ሺህ በላይ ሰሌዳ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሳና ሌሎች ወደ ጎን ያዘመሙ ፎቶዎች አሉ። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእኛ ሰዎች ጋር ሆነው ያኔ የነበረውን ደን፣ ማሳና ቦረቦር ከዛሬው ጋር አስተያይተውበታል። ለመውረር የተነሳው ፎቶ፣ አያቶቻችን መሬቱን እንዴት አድርገው ይዘውት እንደነበር የሚያሳይ ምስክር ሆነ።

16። ሽማግሌው መለሱ። አመሰገኑ። ፎቶው ለበጎ በመዋሉ ደስ እንዳላቸው፣ ያነሳው ሰው ዓይን ግን በዚህ እንደማይጸዳ ጻፉ። እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ከ17 እስከ 21 ወሬው ተበተነ። አንዱ ድሮን ለማስነሳት ፈቃድ ማግኘት ስንት ደጅ እንደሚያስጠና አማረረ። ሌላው የሰርግ ድሮን ሙሽራዋን ቬሏን ገፎ ሊያስለቅሳት እንደነበር አወራ። አንዷ ከላይ ፎቶ የሚያምረው አዌቱ ወንዝ ከታች አፍንጫ እንደሚያስይዝ አስታወሰችን፣ ወዲያው ስለ ቆሻሻ ክርክር ተነሳ። ከመሐል አንድ ሰው ስለ ፈረንሳዊው ያን አርቱስ በርትራንድ አወራ። ኬንያ ውስጥ ከሚስቱ ጋር አንበሳ እያጠና፣ እግረ መንገዱን ቱሪስት በፊኛ እያሳፈረ ነው ከላይ ማየትን የተማረው። ኒው ካሌዶኒያ ላይ ያነሳው የልብ ቅርጽ ያለው ረግረግ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ይሄንንስ እኔም አውቀዋለሁ። ሙሽሮች ያንን ልብ ባክግራውንድ አድርግልን ብለው ስንቴ አምጥተውልኛል። ዛፎቹ ሳያስቡት የሠሩት ቅርጽ መሆኑን ስነግራቸው ማን ያምነኛል።

22። ጎንደር ተወልዳ ጅማ የምትሠራ ነርስ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አነሳች። ከላይ ሲታዩ የታረሰ ቡናማ መሬት ላይ የተቀመጡ አረንጓዴ ክቦች ናቸው። መሐላቸው ቤተ ክርስቲያኑ አለ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ታርሶ ያለቀ ነው፣ ክቡ ግን ቀርቷል፣ ምክንያቱም ሰው ፈርቶም አክብሮም አልቆረጠውም። ልጅ ሆና በዚያ ጫካ ሥር ስታልፍ ስለ ክብነቱ አታውቅም ነበር። ቅዝቃዜውን ብቻ ነው የምታውቀው።

23። አንዱ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ጨመረ። ጣሪያው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ተቀርጿል፣ ቤቱም ወደ መሬት ተፈልፍሎ የወረደ ስለሆነ አፋፉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ነው የምታየው። አውሮፕላን ሳይኖር ከላይ የሚታይ ቤት የሠሩ ሰዎች ናቸው የኛዎቹ አለ። 24 ላይ ደግሞ የፔሩ ናዝካ መጣ። በረሃው ላይ ጠቆር ያለውን ጠጠር ገለል እያደረጉ ከሥሩ ያለውን ነጣ ያለ መሬት በማውጣት ወፍና ዝንጀሮ ሥለዋል። በርረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

25። አሁን የመረረው መጣ። እኔንም ነካኝ። ይሄ ሰው እንዲህ ያሉት መጽሐፎች ጉዳትን ያስጌጣሉ ባይ ነው። ምሳሌው የኛው ነው፣ ግልገል ግቤ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚያመነጨው ባለ 184 ሜጋ ዋት ግድብ። በክረምት ከአውሮፕላን ስታየው ውኃው ላይ ቡናማና ቀይ ቀለም እንደ ወተት በቡና ውስጥ ሲዞር ይታያል፣ ያምራል። ያ ቀለም ግን የገበሬ አፈር ነው። ከእርሻው ታጥቦ ወርዶ ግድቡን እየሞላ ነው። አንተ ፎቶ ቤትህ ቁጭ ብለህ ውበት ትላለህ፣ እኛ መሬታችን ሲሄድ እያየን ነው አለኝ። ሰውየው አሰንዳቦ አጠገብ መሬት ያለው ነው።

ቶሎ አልመለስኩለትም። ሱቅ ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ ሁሉ አሰብኩበት። ከዚያ 26 ላይ ይሄን ጻፍኩ። ልክ ነህ፣ ያማረው ሁሉ ደህና አይደለም። ግን ያንን አፈር ከታች ሆኖ አንድ ሰው የሚያየው በደጁ የሚያልፈውን ጭቃ ያህል ብቻ ነው። የሁሉም ደጅ ጭቃ አንድ ላይ ተጠራቅሞ የት እንደሚገባ ያሳየን ያ ፎቶ ነው። ዓይን የሚይዘው በማማሩ ነው፣ ከያዘው በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግር ሰው ግን ያስፈልጋል፣ አንተ አሁን እንዳደረግከው።

27 ላይ የግብርና ተማሪዋ ደገፈችው፣ እርከንና ሣር ስለመትከል ረዘም አድርጋ ጻፈች። ሰውየው በእሷ ተጽናና መሰለኝ፣ ከእኔ ጋር ግን አልታረቀም።

28። አንዲት እናት ልጇን ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ እኔ ጋ አምጥታው ነበር። ልጁ በረሃ ላይ የሚሄዱ ግመሎች ገጽ ላይ ቆሞ መጽሐፉን ገለበጠው፣ እንደገና አዞረው። ከዚያ የሚሄዱት ጥቁሮቹ ግመሎች ጥላ እንደሆኑ፣ እውነተኞቹ ግመሎች ከሥር ያሉት ቀጫጭን ነጣ ያሉ ጭረቶች እንደሆኑ ለእናቱ አሳያት። እቤት ከገባ በኋላም ራሱ ውጭ ወጥቶ የማታ ፀሐይ ላይ ጥላውን ሲለካ አገኘችው።

ይሄን ሳነብ ነው አሳቤ የተለወጠው። 29 ላይ በግልጽ ጻፍኩት። ከፍታው ነው ማለቴን ትቻለሁ። መልሶቹን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ። የዴዶው አባት የያዙት የውኃ መንገድ ነው። የሰርቦው ልጅ የያዘው ጣሪያ ነው። ነርሷ ሰው ያልቆረጠው ዛፍ ነው። ትንሹ ልጅ ጥላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በቀር ማንም ከፍታውን አላወራም። ሁሉም ያን ያህል ርቆ ሄዶ እንደገና የሰው ዱካ ነው የፈለገው፣ እግሩን የሚያስቀምጥበት።

30። ወዲያው ተቃዋሚ ተነሳ። የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ፣ አሜሪካ የሎውስቶን ውስጥ ያለውን ትልቁን ባለ ቀለም ፍል ውኃ ጠቀሰ። የዳሎሉን ጨውና ማዕድን፣ የሎውስቶኑን ደግሞ ሙቀት የሚወዱ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የቀለሙት፣ የሰው እጅ የለበትም፣ ግን ለሰዓታት አይጠገብም። ጥሩ መከራከሪያ ነው። ግን ራሱ ዝቅ ብሎ ያ ፍል ውኃ ከ100 ሜትር በላይ ስፋት እንዳለው የገባው ጠርዙ ላይ ባለው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ጉንዳን የሚያህሉ ሰዎች ካየ በኋላ መሆኑን ጻፈ። ይሄን ስጠቁመው በ31 ላይ ሳቅ ብቻ ላከልኝ።

32 እና 33። ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። የጅማ መጽሐፍ የት አለ? የቦዬ ረግረግ፣ በለጠ ጌራ የሚባለው ደን፣ የኅዳር የቡና አልጋ ከላይ የታየበት?

እኔ የማውቀው የለም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። በአውሮፕላን ጅማ የምትመጡ ሁሉ በስልካችሁ አንሱ። መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ክንፉ ላይ ከሚሽከረከረው ፕሮፔለር ራቅ በሉ። ከክረምት በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ የታጠበ ስለሆነ ጥሩ ነው። የጠዋቱን በረራ ምረጡ። ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጉት እንጂ አታስነኩት፣ ንዝረቱ ያደበዝዘዋል። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ፍላሽ አጥፉ። ከዚያ በሚሞሪም ሆነ በቴሌግራም አምጡልኝ። ምርጦቹን በትልቁ በነጻ አጥብላችኋለሁ፣ አንድ ላይ አስጠርዤም ጠረጴዛዋ ላይ ከፈረንሳይኛው መጽሐፍ አጠገብ አስቀምጣለሁ። የአሰንዳቦው ወንድማችን የግድቡን ቢያመጣ ገጹን የምጀምረው በእሱ ነው፣ ከሥሩ የሚጻፈውንም ራሱ ይጻፍ።